የፊርደውስ ጠባሳ

ፎቶ አንሺው ሰዲቅና እኔ ለሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤታሞች ነን። ሱቆቻችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ በዚህ በኩል እኔ እሰፋለሁ፣ በዚያ በኩል እሱ ያነሳል። ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የምለው «ቀርፋፋ ነው» ነው። ውሸት አይደለም። እኔ አንድ ቀሚስ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ተኩሼ ስጨርስ እሱ የአንዲት ሙሽራን አገጭ ሲያቃና ይውላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። «ያንተ እንቁላል ገና አልተጣለም» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ሁለታችንም ሸበትን።

በከተማችን በመካነ ሰላም ሰዲቅን የማያውቅ እናት የለችም። ልጆቻችን ዓረብ አገር ናቸው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ አንድ ፎቶ ላይ የሚቆምበት ቀን የለም። ስለዚህ እናት የክት ልብሷን ለብሳ ከገጠር ትመጣለች፣ ሰዲቅ ያነሳታል፤ ልጅቱ የላከችውን ፎቶ ደግሞ ከስልክ አውጥቶ ከእናቷ ጎን ያቆማታል። ይህን ሥራ «ማገናኘት» ይለዋል። ከማገናኘት በፊት «ማጽዳት» አለ፤ ማድያቱን፣ ብጉሩን፣ ብርድ የሰነጠቀውን ጉንጭ አንድ በአንድ ያነሳል። እኛ ዘንድ ፎቶ ማለት ሰው የሚመስለው ሳይሆን ሊመስል የሚገባው ነውና ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

አንድ ልማድ ግን አለው። የጸዳውን ፊት የሚሠራው ካልጸዳው ፊት በላይ ነው። የመጀመሪያውን አያጠፋም፤ እዚያው ፋይል ውስጥ ከሥር ይደብቀዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «አላህ የሠራውን እኔ ልጣል?» አለኝ። እኔ በልብስ ቋንቋ ነው የገባኝ፤ ገበሩ ከውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከደሴ በሲዲ ባመጣው የፎቶ ፕሮግራም ነበር። ሌላ አልለመደም። ታዲያ ባለፈው ክረምት ጠፍቶ የነበረው መብራት በኃይል መጣና አሮጌ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። የተረፈው ፎቶዎቹ ያሉበት ዲስክ ብቻ ነው። ኩዌት ያለችው ልጁ አርዋ አዲስ ላፕቶፕ ላከችለት። ላፕቶፑ አሮጌውን ፕሮግራም ተቀበለ፤ ሲከፍተው ግን የሚታየው ነገር ሁሉ ተዘበራረቀ። ፊደሉ የጤፍ ቅንጣት አከለ፤ ፎቶው እየተቆራረጠ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እዚህም እዚያም ጥቁር ጥቁር ቁራጭ ይለጠፍበታል። ሰዲቅ ሁለት ቀን ታገለና ተወው። ለዕለት ሥራው አዲስ ፕሮግራም እያጉረመረመ ተማረ፤ የድሮዎቹ ፋይሎች ዲስኩ ውስጥ ተኝተው ቀሩ።

እቴቴ ሀጀራ የመጡት ረቡዕ ጠዋት ነው። የሟቹ የቁርኣን አስተማሪ የሼህ ኑርጃን ሚስት ናቸው፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል። እኔ የሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ነበር፤ በበሬ ሲያልፉ ሰላም አላሉኝም። እንዲህ አድርገውኝ አያውቁምና መቀሴን አስቀምጬ ተከተልኳቸው።

«ሰዲቅ፣ የፊርደውስን ቅንድብ መልስልኝ» አሉት።

ፊርደውስ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ከአራት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ ጅዳ ገባች፤ ፓስፖርትም መታወቂያም አልነበራትም። ድምፅዋ ከጠፋ አምስት ወር ሆኖታል። ሰኞ ዕለት የኛው ከተማ ልጅ ጠልሐ ከዚያው ደወለላቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ይሠራል። አንዲት ሐበሻ በመኪና አደጋ ገብታ ሞታለች፤ ነፍሷ ሳትወጣ የተናገረችው «መካነ ሰላም» ብቻ ነው፤ ስሟን የሚያውቅ የለም። እስከ አርብ ቤተሰብ ካልተገኘ ያለ ስም ትቀበራለች። ጠልሐ የሬሳ ፎቶ መላክ ክልክል ነው አለ፤ «ሆስፒታሉ ያለ ፎቶ በቃል አያምንም፤ እናንተ የልጃችሁን ላኩልኝና ላስተያይ» አላቸው።

እቴቴ ሀጀራ ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ሰዲቅ ዘንድ አብራቸው የተነሳችውን፣ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ በስልክ አስነስተው ላኩ። ማክሰኞ መልስ መጣ። «እሷ አይደለችም። የሟቿ ቀኝ ቅንድብ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የቆየ ጠባሳ አለባት፤ የእርስዎ ልጅ ቅንድብ ግን ሙሉ ነው።» ሴትዮዋ አልሐምዱሊላህ ብለው መሬት ሳሙ። ዳቦ ገዝተው ለጎረቤት ሰደቃ አከፋፈሉ። ለኔም ደርሶኝ በልቻለሁ።

«ሱብሒ ስሰግድ ትዝ አለኝ» አሉ። «ግንባሬን ከመሬት ሳላነሳ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆና ጊደር በቀንዷ ወግታት ነበር። ጠባሳውን አጥፋልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ለፎቶ አያምርም ብዬ።»

ክው አልኩ። ከሳቸው በቀር ያን ያስታወሰ አልነበረም፤ እኔም ሰዲቅም ረስተነው ነበር። ዝም ቢሉ ልጃቸው በሕይወት እንዳለች አድርገው እስኪሞቱ መጠበቅ ይችሉ ነበር። ማን ይጠይቃቸዋል? እኔ ብሆን ዝም የምል ይመስለኛል፤ አላፍርበትም።

ሰዲቅ ፊቱ አመድ መሰለ። ያንን ጠባሳ ለማጥፋት ሙሉ ቀን ወስዶበታል፤ ሲጨርስ ጠርቶ አሳይቶኝ ተመጻድቆብኝም ነበር።

«እቴቴ፣ ይቀመጡ» አለና ዲስኩን ሰካ።

መጀመሪያ በአዲሱ ፕሮግራም ሞከረ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ግን የሚያሳየው የላይኛውን፣ የጸዳውን ፊት ብቻ ነው። ከሥር ያለውን አያውቀውም። «የድሮውን የሚያነበው የድሮው ብቻ ነው» አለና ያንን የተወውን ፕሮግራም ከፈተ። ፎቶው ከፊል መጣ፤ እናትየዋ በአረንጓዴ ሻሽ፣ ከጎናቸው የፊርደውስ አንገትና አገጭ። ከአፍንጫዋ በላይ ግን ጥቁር ቁራጭ ተጋርዶባታል።

«ያ ረቢ! ልጄ ተቃጠለች?» ብለው ጮኹ እቴቴ ሀጀራ።

ሰዲቅም ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ፈርቷል። ግን ምንም ሳይነካ ዘጋውና ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ጀመረ።

«ኧረ ፍጠን አንተ ሰው!» አልኩት።

«ደሳለው፣ ሌላ የለኝም። እንዲህ እንዳለ በስሕተት ካስቀመጥኩት ያለቀላት ነው» አለኝ።

ቅጂውን ከፈተ። ፎቶውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ጎተተው። የፊርደውስ አገጭ ወደ ግራ ሄደ፤ ጥቁሩ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ አሁን ደግሞ እናትየዋን ጋረደ፤ የልጅቱ ፊት ለቅጽበት ብቅ ብሎ ሌላ ቁራጭ ተለጠፈበት። ሰዲቅ ትንፋሹን ለቀቀ። «አብሽሩ እቴቴ፤ ሕመሙ የማሳያው ነው፣ የፎቶው አይደለም። ልጅቱ ደኅና ናት» አለ። ወዲያው የተናገረው ገባውና አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያደረገውን ቆሜ አይቻለሁ። የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ነክቶ ላፕቶፑ እንደ ድሮ ኮምፒውተር እንዲያስተናግደው አዘዘ፤ ፊደሉ አደገ፣ ጥቁሩ ግን እንዳለ ነው። የስክሪኑን ማጉያ ወደ ታች መለሰ፤ ብልጭታው ቀነሰ፣ ጥቁሩ አሁንም አለ። አንድ ነገር በቀየረ ቁጥር ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደገና ይከፍታል፤ የቀየረውንም በእርሳስ ይጽፋል። ሁለት ነገር አንድ ላይ አይነካም። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እገድለው ነበር።

በመጨረሻ እርሳሱን አስቀመጠ። «የላፕቶፑ ግራፊክስ ካርድ ነው። ሥዕሉን ልሣልልህ እያለ ይጣደፋል፤ ያ ሽማግሌ ፕሮግራም ደግሞ ቋንቋውን አይሰማም። እርዳታውን ተው፣ ራስህ ሣል ልበለው።» ይህን የሚያዝበት መስኮት ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ሲከፍተው መስኮቱ ራሱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኖ መጣ። ምኑ የት እንዳለ የሚያሳይ አንድ ፊደል የለም።

ሰዲቅ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሄዱ፤ ወደ ታች አራት ጊዜ፣ ወደ ጎን አንድ። ላፕቶፑ ጮኸበት። ስቶ ነበር፤ ዘግቶ እንደገና ጀመረ። አሁን እየቆጠረ አምስት ጊዜ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ጎን አለ፣ መረጠ፣ አጸደቀ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲነካ የኖረ እጅ ብቻ ነው ይህን የሚያውቀው። ፕሮግራሙን ዘግቶ ሲከፍተው ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ፤ ሻሹ፣ ግንባሩ፣ ዓይኖቹ። ጥቁር የሚባል ነገር የለም። ፊርደውስ ሙሉ ቅንድቧን ይዛ ታየን።

የቀረው የላይኛውን ፊት ማንሳት ነው፤ አንድ ንክኪ። ሰዲቅ እጁን አነሳና ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«እቴቴ፣ ልግለጠው?»

እቴቴ ሀጀራ ነጠላቸውን አጣፉ። «ቢስሚላህ በል» አሉት።

ገለጠው። ቀኝ ቅንድቧ ከመሐል ለሁለት ተከፍሏል፤ ከበላዩ እንደ ጥፍር ቁራጭ ያለች ነጭ ጠባሳ። ጉንጯ ላይ ብርድ የበላው አለ፤ ከንፈሯ ደርቋል። እናትየዋ ተነስተው ጠባሳው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ፎቶው ለጠልሐ ተላከ። መልሱ የመጣው ከዐሱር ሶላት በኋላ ነው፤ ስልኩን ሰዲቅ አነበበላቸው። «እሷው ናት እቴቴ። አላህ ይርሐማት። አርብ በስሟ ታጥባ፣ ተሰግዶባት ትቀበራለች፤ እኔም አለሁበት።»

«ትናንት አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር» አሉ እቴቴ ሀጀራ። «ዛሬም አልሐምዱሊላህ። ልጄ ሰው አላት ተባለ።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፉ፤ ደግፈን ወደ ቤታቸው ወሰድናቸው።

የለቅሶው ተዝያ ሲያበቃ ሰዲቅ ጠባሳዋ ያለበትን ፎቶ በትልቁ አትሞ፣ በመስታወት አድርጎ ወሰደላቸው፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። የድሮውን ከግድግዳው አውርዶ አዲሱን ሰቀለ። ያወረደውን ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል እሳቸው እጁን ያዙት።

«ያቺን ይዘሃት ሂድ፣ ሰዲቄ» አሉ። «ያቺ ቆንጆ ናት፤ ግን እኔ አልወለድኳትም።»

ሰዲቅ ፎቶውን ኮቱ ውስጥ አስገብቶ ወጣ።