አባባ በእግር ያዞሩት የነበረው ድንበር

የሟች ባለቤቴ አባት፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ አርባቸው ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው። ልጆቼን ይዤ የምኖረው ጎጆ ከተማ ዳር፣ በእሳቸው መሬት ላይ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው እያሉ ቀያሾች በመጡ ቁጥር፣ አባባ ወረቀት ሳይቀበሉ ድንበሩን በእግር ያዞሯቸው ነበር።

አንዱ «አባቴ፣ ለእናንተው እኮ ነው! በሽተኛ ቶሎ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ድንቻችሁም ገበያ ያገኛል» ቢላቸው፣ «በሽተኛው እኔ ነኝ? በል እየሄድን ንገረኝ» አሉት። ዳገቱ ላይ እሱ ሲያለከልክ እሳቸው ከት ብለው ሳቁ።

እኔ ለእንግዶቹ ምሳ ልሥራ እያልኩ እቀራለሁ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ተከትያቸው አልዞርኩም።

ዛሬ ጠዋት ቀያሾቹ ተመልሰው መጡ። «እናቴ፣ ድንበሩን ያሳዩንና ይፈርሙ» አሉኝ። እስከ ወንዙ ወሰድኳቸው። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል እንደሚዞር አላውቅም። «ነገ ኑ» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ አስተያየታቸውን አልወደድኩትም።

ድንበሩን የሚያውቅ የቀረው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ «ኦቦ» የሚለው አዋሳኛችን ብቻ ነው። ሄጄ ለመንኩት።

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔው አሳያቸዋለሁ» አለኝ።

አባባ በሕይወት ሳሉ፣ ይህ ሰው አንድም ቀን እንዲህ ቶሎ እሺ ብሎን አያውቅም።