ማሊታ ሥራ ፈት አይደለችም

ማሊታንና እኔን ያገናኘን የሻይ ቅጠል ነው። ቲዮሎ በሚባለው ወረዳችን ባለው ትልቅ የሻይ እርሻ ለለቀማ ስንቀጠር ሁለታችንም አዲስ ሙሽሮች ነበርን። ቺፔሮኒ የምንለው ብርዳም ካፊያ ከሙላንጄ ተራራ በኩል ሲመጣ፣ ቅርጫት አዝለን፣ ላስቲክ ወገባችን ላይ ጠምጥመን፣ ቁጥቋጦው መሐል እስከ ደረታችን ተውጠን እንውል ነበር። እሷ ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ፣ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ፤ እጇን ሳታይ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ትሳደባለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ካፒታኦው፣ የለቀማው አለቃ ማለቴ ነው፣ ያረጀ ቅጠል አግኝቶባት ቅርጫቷን ደፍቶባት አያውቅም። የእኔን ስንቴ ደፍቶታል።

ከዚያ ማጨጃ ማሽን መጣ። ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኝ ይዘው በቁጥቋጦው አናት ላይ ይነዱታል፣ ከኋላው ያለው ከረጢት ይሞላል። እምቡጥ የለ፣ ያረጀ የለ፣ ሁሉንም ነው የሚልጠው። ማሊታ ቆማ አየችውና «ይሄ ፀጉር ቆራጭ እንጂ ሻይ ለቃሚ አይደለም» አለች። ሳቅን። በወሩ መጨረሻ ሴቶቹን በሙሉ አሰናበቱን።

ቀጥሎ ከከተማ የእርዳታ ድርጅት ሰዎች መጡ። ማሽን ሥራውን ለወሰደበት መንደር፣ ለያንዳንዱ አዋቂ፣ ሠራ አልሠራ፣ በየወሩ በስልክ ገንዘብ እንልካለን፤ ምንም አንጠይቅም አሉ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ምንም አንጠይቅም ያሉት ሰዎች ግን ታብሌት ይዘው ሲጠይቁን ዋሉ።

መዝጋቢው ቺሶሞ የሚባል ረጋ ያለ ጎልማሳ ነበር። አሮጊቶቹን ሁሉ አጎጎ ነው የሚለን፣ አያቴ እንደማለት።

«አጎጎ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሻይ ለቃሚ» አለች ማሊታ።

«አሁን ማለቴ ነው።»

«አሁንም።»

«እርሻው እኮ አሰናብቶዎታል፣ አጎጎ። ሥራ ፈት ብዬ ልጻፍ።»

«ማን ነው የፈታው? እኔ ባሌንም ሥራዬንም ፈትቼ አላውቅም። ባሌን ሞት ወሰደው፣ ሥራዬን ማሽን። ፈት አትበለኝ!»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ቺሶሞም እየሳቀ ሻይ ለቃሚ ብሎ ጻፈ። ታብሌቱ የአሠሪ ስም ጠየቀው፣ እርሻውን ጻፈ። እርሻው ሲጠየቅ «እንዲህ የምትባል ሠራተኛ የለችንም» አለ። ማሊታ «በማጣራት ላይ» ተብላ ቀረች።

እኔ በተራዬ ሥራ ፈት ነኝ ብዬ በአንድ ትንፋሽ አልፌ ነበር። በወሩ ገንዘቡ ገባልኝ፤ ሳሙና ገዛሁ፣ ያን ኡሲፓ የሚባለውን የደረቀ ትንሽ ዓሣም ገዛሁ። የማሊታን ቤት ግን አውሎ ነፋስ ጥሎባት፣ አዲስ ግድግዳ አቁማ ጣሪያ አጥታ፣ እህቷ ማድቤት ውስጥ ነበር የምታድረው። ጡቡ በእሳት ያልተተኮሰ ነው፤ ዝናብ ካገኘው ጭቃ ነው። ዝናቡ ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል።

«ማሊታ፣ አንድ ቃል እኮ ናት» አልኳት።

«አንድ ቃል ከሆነች እነሱ ለምን አይተዉልኝም?»

«ግድግዳሽ ይፈርሳል!»

«ይፍረሳ!»

በእሷም ነደድኩ፣ በእነሱም። ገንዘቡ ለሠራም ላልሠራም ከሆነ ሥራሽ ምንድን ነው ማለትን ምን አመጣው? እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ስልክ ስለሌላት ያስመዘገበችው የእኔን ቁጥር ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተደወለ።

«ማሊታ ናምዌራ ነዎት?» አለች ከድርጅቱ የደወለች ሴት።

«ነኝ» አልኩ።

«ሥራዎ?»

«ሥራ ፈት።»

«እናመሰግናለን» ብላ ዘጋችው። ይኸው ነው።

ገንዘቡ የቀረው ሁሉ ተጠራቅሞ ገባ። ስልኩን ይዤ ሄድኩ። ጣሪያ በሌለው ቤቷ ውስጥ ጡብ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማን ነው የነገራቸው?»

«እኔ።»

«በእኔ ስም?»

«በአንቺ ስም።»

«በይ ደውዪና ያን ቃል መልሺው» አለችኝ። ደወልኩ። የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው፤ ለቺቼዋ፣ ለቋንቋችን ማለት ነው፣ አንድን ይጫኑ አለ። ተጫንን። ሌላ ቁጥር አዘዘን፣ ተጫንን፣ ደግሞ ሌላ። ማሊታ ስልኩን ነጠቀችኝና «ስሚ አንቺ ልጅ፣ እኔ ሻይ ለቃሚ ነኝ!» ብላ ጮኸችባት። ድምፁ ከመጀመሪያው ጀመረ። የሞላሁት ካርድ እስኪያልቅ ጮኸች።

በገባው ገንዘብ የጣሪያ ቆርቆሮ ገዛን። እሷ ከፊት እኔ ከኋላ፣ በአናታችን ተሸክመን ከገበያ አመጣነው። ዝናቡ በሳምንቱ ገባ። ቤቷ ደረቅ ነው፣ ተመስገን።

ገንዘቧ ዛሬም የሚገባው በእኔ ስልክ ነው። ስሜን ግን አትጠራም። ያን ሁሉ ዘመን ዶሪካ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ወር በመጣ ቁጥር ደጄ ላይ ቆማ፣

«አንቺ ባለ ስልክ፣ ገባ ወይ?» ትለኛለች።

«ገባ» እላታለሁ።