ዶሮ የሰፈረባት ሞተር

አባቴ አራት ወር አኮረፈኝ። የጎጃምን ኩርፊያ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጩኸት የለውም፣ ዱላ የለውም፤ ብቻ በአንድ ቤት እየኖርክ፣ ከአንድ ትሪ እየበላህ እንደሌለ ሰው ትቆጠራለህ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እያለሁ አባቴ ለእናቴ፣ "ለዚያ ልጅሽ በሩን ዝጋ በይው" ይላል። እሷም ወደ እኔ ዞራ "በሩን ዝጋ ተብለሃል" ትለኛለች። እዘጋለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከብት ሐኪም ነበር። ጡረታ ሲወጣ ገጠር ለገጠር ሲዞር የኖረባትን የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል በጨረታ ገዝቶ ደብረ ማርቆስ ቤታችን አስገባት። ጉልበቱ ረግጦ ማስነሳት ሲያቅተው ደግሞ "ያዛት" ብሎ ቁልፏን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ያዝኳት፤ ማለትም ከማድ ቤቱ ጀርባ አቁሜ፣ አንድ ማዳበሪያ ጣል አድርጌባት፣ ሁለት ክረምት ረሳኋት። ዶሮዎቹ ግን አልረሷትም። መሪዋ ላይ ሰፍረው የሚያወርዱት ሁሉ ካርተሯ ላይ፣ የሞተሩ የአሉሚኒየም ሽፋን ላይ ነበር የሚያርፈው። አንድ ቀን አባቴ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ማዳበሪያውን ገልጦ አየ። አፉን የዘጋብኝ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ሦስቱም መጥተው ጠላቸውን ጠጡ፣ ጓሮ ዞረው ሞተሯን አዩ፣ ተመልሰው ለአባቴ ፈረዱ። አንደኛው እንዲያውም ሲወጣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ አለፈ። ሽማግሌ ልኮ ተጨማሪ ኩርፊያ ያተረፈ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲያው እንደ አዲስ እንድታበራ አደርጋታለሁ አልኩ። ካርተሯ ነጭ ዱቄት አውጥቶ እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። እናቴን "በምን ይለቅ ይሆን?" ብዬ ጠየቅኋት።

"በአመድ" አለች፣ ለአፍታም ሳታስብ።

በእኛ ቤት ለቆሸሸ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ አመድ ነው። ብርጭቆ በአመድ፣ ብረት ድስት በአመድ፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ በአመድ ሳልታሽ የቀረሁት በዕድል ይመስለኛል። የምድጃውን አመድ ነፍቼ፣ በሙቅ ውሃ አብኩቼ፣ ጠዋት የለሰንኩትን ከሰዓት አጠብኩት። ካርተሩ ጥላሸት የተቀባ መሰለ! በመስኮት ሲያየኝ የዋለው አባቴ "ለልጅሽ ንገሪው፤ ዶሮዎቹ ይሻሉ ነበር" አለ። እናቴ ነገረችኝ።

ገበያ ውስጥ የአሉሚኒየም ድስት የሚሸጡ፣ የጎደጎደውንም የሚያቃኑ ሐጂ አሉ። ሄጄ ያደረግኩትን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"አመድ እኮ አሉሚኒየም ይበላል! ድስት የገዛኝን ሁሉ ይህን ነግሬ ነው የምሸኘው። እናትህንም ነግሬያቸዋለሁ፤ መች ይሰሙኛል!"

"አሁን በምን ይመለሳል፣ ሐጂ?"

"በክንድህ" አሉኝና ከሻካራው እስከ ልስልሱ አምስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። በውሃ እያራስኩ፣ አንደኛው የጫረውን ሌላው እስኪያጠፋው መፈተግ ነበረብኝ። መጨረሻ ላይ መወልወያ ቅባትና ጨርቅ።

ሁለት ሳምንት ፈተግኩ። ጣቶቼ ተላጡ፤ ሞተሯን የሠራውንም፣ ዶሮን የፈጠረውንም ተራገምኩ። ሁለተኛውን ወዲያው ይቅር በለኝ አልኩት። በመካከል ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። አባቴ ሰባውን አልፏል፤ እንዲህ እንዳኮረፈኝ ቢሞትስ? ፈራሁ። በፈራሁ ቁጥር ጠበቅ አድርጌ እፈትጋለሁ።

አንድ ጠዋት አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ ምርኩዙን ይዞ ጓሮ መጣ። ካርተሩ ፀሐይ ላይ ዓይን ይወጋል። አጎነበሰ፤ በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"አንተ ደደብ" አለኝ።

ለእኔ ነው የተናገረው፤ በቀጥታ ለእኔ!

"እንዲህ በምታብረቀርቅ ሞተር ብሄድ የትኛው ገበሬ በሬውን ያሳየኛል? ግብር ሰብሳቢ መጣ ብሎ ከብቱን ይደብቅብኛል እንጂ! ሠላሳ ዓመት ጭቃ ለብሳ ነው የታመነችው። ይኸ ስብሰባ የሚውል ሰው ሞተር ነው!"

ቀጠለ። በስንፍናዬ ሰደበኝ፣ በአያያዜ ሰደበኝ፣ ወደ እናቴ ዘመዶችም ተሻገረ። እናቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። እኔ ጢሜን ያሳደግኩ ሰውዬ፣ የተላጡ ጣቶቼን ዘርግቼ፣ እንባና ንፍጤ ተቀላቅሎ አለቅሳለሁ።

"ምን ያስለቅስሃል? ነገ ገጠር፣ ሮብ ገበያ ትወስደኛለህ። የዚያ መንገድ ጭቃ ያስተካክላታል።"

"እወስድዎታለሁ፣ አባባ። የቀረ ስድብ ካለ ግን ይጨርሱልኝ" አልኩት።

ነበረው።