ስንዱ ሁለት እናት ነበራት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናዝዤው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናገር ይህችን ሁልጊዜ ዘልያት አልፋለሁ። ዛሬ ለእርስዎ ልንገርዎ፤ እንደወደዱ ይፍረዱብኝ።

በደርግ ጊዜ ሊሙ ገነት አስተማሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት፣ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ሰዉ ከኋላዬ «ቆሞ ቀር» ይለኛል። አመለች የምትባል ሴት ከዳውሮ ለቡና ለቀማ መጥታ ቤቴ አስጠጋኋት። ስንዱ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ለቀማው አልቆ ልትመለስ ስትል ልጅቷን ወባ ጣላት። አመለች መንገዱን ፈራችና «እትዬ፣ ለመጪው ለቀማ እስክመለስ ያዙልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ስንዱ ዳነች። ደረቴ ላይ ካልሆነ አልተኛም አለች። «እማዬ» አለችኝ፤ አንጀቴን በላችው። በሰኔ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄጄ በጉዲፈቻ ልጄ ትሁን አልኩ። በጉዲፈቻ ወላጅ ራሱ ቀርቦ ነው ልጁን የሚያስረክበው። ላላገባች ሴት የትኛዋ እናት ልጇን ትሰጣለች ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌው አባ መጫ «ወላጆቿስ?» ሲሉኝ፣ «አባቷ አይታወቅም፤ እናቷ ሞታለች» አልኩ።

«አላህ ይዘንላት» አሉ። «ብትኖር ኖሮ በራሷ እጅ ጭንሽ ላይ ታስቀምጣት ነበር። ባል የለሽም ብለን አንከለክልሽም። ልጅ ሁለት እናት ቢኖራት እኛ ዘንድ ነውር የለውም።»

ታዲያ ለምን ዋሸሁ? እዚያው «አባቴ፣ ዋሽቻለሁ» ማለት ያቅታል? አቃተኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

በመስከረም ዝውውር ጠይቄ ጅማ ገባሁ። በኅዳር የሊሙዋ ጎረቤቴ ዘይነባ ሂርማታ ገበያ አገኘችኝ። አመለች ለልጇ ቀይ ሹራብ ይዛ መጥታ፣ ሊሙ ቤቴ ደጅ ላይ ከተቀመጠች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር።

«አሁንም እዚያው ናት። ምናልባት ካገኘኋችሁ ብላ ሹራቡን ሰጠችኝ። ምን ልበላት?» አለችኝ።

«ወሎ ተዛውራለች በያት» አልኩ። ይህን ያልኩት ልጇን አዝዬ ነው። ዘይነባ ሹራቡን እጄ ላይ ጥላልኝ ሄደች። ያልኳትን ብላታለች መሰለኝ፤ አመለች ፈልጋን አልመጣችም።

ስንዱ ዛሬ የልጆች እናት ናት። እንዳልወለድኳት ታውቃለች፤ ያንን አልደበቅኳትም። «እናቴ መቼ ነው የሞተችው?» ስትለኝ ግን አንድ ቀን መስጠት ነበረብኝና፣ አመለች እኔን አምና የሄደችበትን ቀን ሰጠኋት።

ብቸኝነቴን ሰበብ አላደርገውም። ስንት ብቸኛ ሴት አለች፤ ሁሉም የሰው ልጅ አይሰርቅም። ልጅቷን ወድጃት ነበር፤ እናቷም ትወዳት ነበር።

ስንዱ በየዓመቱ በዚያ ቀን ለእናቷ ነፍስ ብላ ዳቦ ደፍታ ነዳያን ታበላለች። መጀመሪያ ግን ዳቦውን እኔ ፊት ታስቀምጥና «እማዬ፣ አንቺ ቁረሺልኝ» ትለኛለች። እኔም እቆርሳለሁ።