እናቴ የገባችበት ዋሻ

አባቴ ሥራ ያቆመው ጉልበቱ እምቢ ብሎት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከኢተያ ስንዴ እየጫነ ወደ ሰሜን ሲመላለስ የኖረ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ደሴን፣ ወልዲያን፣ መቀሌን እንደ አሰላ ሰፈሮች ያውቃቸዋል፤ ላሊበላን ግን አላየም። ወልዲያ ላይ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውን መንገድ ሁልጊዜ አልፎት እንደሚሄድ ሲያወራ፣ “ጭነት ይዞ ማን ይታጠፋል” ይል ነበር። ጭነቱ ከቀረ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ “መንገዱ ሰላም ነው እየተባለ ነው፤ አሁን እንኳ ልታጠፍ” አለ።

እናቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። እሷ አርቦዬ አካባቢ የተወለደች ኦሮሞ ናት፤ የአባቴ ወላጆች ደግሞ ከስልጤ መጥተው አሰላ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀለ ይወራል፤ እናቴ ስትናደድ ግን አማርኛውን እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። ያን ቀን ተወችው። መካን ሳያይ ቤተ ክርስቲያን ሊያይ የሚነሳ ሙስሊም ገጥሟት እንደማያውቅ በኦሮምኛ ነገረችው።

“ሐጅ አላህ ሲያገራልኝ እሄዳለሁ” አላት። “ይሄ ደግሞ አገሬ ነው፤ ባየው ምን አለበት?”

ጥቂት ቀን አኩርፋ ከረመችና፣ “እሺ፣ አብሬ እሄዳለሁ። እግሬን ግን አላስገባም” አለች።

“ማን ግቢ አለሽ?”

በወንድሜ መኪና ሄድን። ወንድሜ ይነዳል፣ አባቴ ከጎኑ ተቀምጦ ማርሽ መቼ መቀየር እንዳለበት ይነግረዋል፣ እኔና እናቴ ከኋላ ነን። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ አባቴ የጀመረውን ወሬ አቋርጦ መስኮቱን እስከ ታች አወረደው። ብርዱ ፊታችንን ገረፈን። እናቴ የፎጣዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች እንጂ ዝጋ አላለችውም። እኔም ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ደሴ አድረን በማግስቱ ላሊበላ ገባን። ወቅቱ የክርስቲያኖች ጾም ስለነበር ምግብ አላስቸገረንም፤ የሄድንበት ቤት ሁሉ ሽሮና አትክልት ነው የሚሠራው። እናቴ ሥጋው ማን አረደው ብላ መጠየቅ ሳያስፈልጋት በላች፤ ይሄ ትንሽ ፊቷን ፈታው።

ጠዋት አንድ አስጎብኚ ያዝን። ጠና ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እናቴ ሂጃብ ለብሳ ሲያያት፣ “መግባት የማይፈልግ ሰው እዚህ ጥላ ስር አረፍ ማለት ይችላል” ብሎ ብቻ አንድ ድንጋይ አሳያት። እሷም ቦርሳችንን ተቀብላ ተቀመጠች። እኛ ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እየወረድን እየወጣን አየን። አባቴ በየበሩ ጫማውን ሲያወልቅ ግድግዳ ይዞ ነው፤ ጉልበቱ ይንቋቋል። ግን ደስ ብሎት ነበር። አምዶቹን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ “ተሠርቶ አይደለም እኮ፣ ተቆርጦ ነው የወጣው” ይላል፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ።

እናቴ ወደ ተቀመጠችበት ስንመለስ አስጎብኚው ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚያሻግር ዋሻ አሳየን። በጨለማ ነው የሚታለፈው፤ ምእመናኑ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል፣ መውጫው ላይ ብርሃን ይገኛል። እናቴ ይህንን ሰምታ፣ “ሲኦል በፈቃዱ የሚገባ ሰው አለ?” አለችው። አስጎብኚው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

አስጎብኚው ከፊት፣ ወንድሜና እኔ ከመሐል፣ አባቴ ጉልበቴ ያዘገየኛል ብሎ ከኋላ ሆነን ገባን። አንድ እጃችን ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ከራሳችን በላይ። ጨለማው ዓይን ይለምደዋል የሚባል ዓይነት አይደለም። ትንሽ እንደሄድን የአባቴን እግር መስማት አቆምኩ።

“አባዬ?”

እየዳሰስኩ ተመለስኩና ትከሻውን አገኘሁት፤ መሬት ላይ ተቀምጧል። ትንፋሹ ዳገት እንደሮጠ ሰው ነው። ወንድሜ የስልኩን መብራት አበራ።

“አጥፋው” አለ አባቴ። “ግድግዳው ሲታየኝ ይብስብኛል።”

ወንድሜ አጠፋው። ክንዱን ይዞ ሊያነሳው ሞከረ፣ አባቴ እጁን ነጠቀው። አስጎብኚው፣ “አባቴ፣ ትንሽ ነው የቀረን፤ አይዞዎት” አለ። አባቴ የሰማው አይመስልም። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የማውቀው አባቴ ገደል አፋፍ ላይ ጎማ የሚቀይር ሰው ነው። ምን እንደማደርግ ጠፋኝና እየዳሰስኩ ወጥቼ ወደ እናቴ ሮጥኩ።

“አባዬ ተቀምጦ አልነሳም አለ” አልኳት።

ቦርሳውን ለእኔ ሰጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከእኔ ቀድማ ጨለማው ውስጥ ገባች። እግሬን አላስገባም ያለችው ሴት ናት። እየተከተልኳት ድምጿን እሰማ ነበር፤ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ከፍ አድርጋ እየቀራች ነው የምትሄደው። አጠገቡ ስትደርስ ቁጭ አለች።

“እኔ ነኝ” አለችው። “ስንዴ የለም እዚህ። ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አልወደቀም፣ ዛሬም አይወድቅም።”

እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ ቀራች፤ በዚህኛው ጊዜ አባቴም ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ፣ ቀጥሎ ድምፁ ወጣ። አስጎብኚው እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ፣ “እናቴ፣ ከመመለስ ወደፊቱ ይቀርባል” አላት።

“ወደፊት እንሂድ” አለች።

አባቴ የፎጣዋን ጫፍ ይዞ ተከተላት። ወጣን። የወጣነው ሌላኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ ቄስ አባቴን አይተው ሳንጠይቃቸው በጣሳ ውሃ አመጡለት። አባቴ “ቢስሚላህ” ብሎ ጠጣ፤ ቄሱ ጣሳውን ተቀብለው፣ “እግዚአብሔር ይማርዎት” አሉት። እናቴ የት እንደቆመች ያኔ ነው ያስተዋለችው። ቀና ብላ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየችው።

“ይሄ ሁሉ አንድ ድንጋይ ነው?” ብላ ጠየቀች።

“አንድ ነው” አላት አስጎብኚው።

የዙህር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር። አስጎብኚው ቤቱ ቅርብ መሆኑን ነግሮን ወሰደን፤ ሚስቱ ውሃ ቀዳችልን፣ ግቢው ውስጥ ንጹሕ ሰሌን አነጠፈች። ሰገድን። ከዚያ በኋላ አባቴ ለእኛ ነግሮን የማያውቀውን ነገረን። እናቴን ባገባ ሰሞን ከአላማጣ በላይ ባለው ዳገት በዝናብ መኪናው ተገልብጦበት ነበር። መገልበጡን እኛም እናውቃለን። ያላወቅነው ጆንያዎቹ ጋቢናው ላይ ወርደው፣ ስንዴው በተሰበረው መስኮት እየፈሰሰ እስከ አንገቱ እንደቀበረው፣ የአካባቢው ገበሬዎች በእጃቸው ቆፍረው እስኪያወጡት እንደዚያው እንደቆየ ነው። ለእናቴ ብቻ ነበር የነገራት። በአሰላ ብርድ የመኝታ ቤቱ በር ተከፍቶ የሚታደረውም ለዚህ ነው፤ ለእኛ እናቴ ሙቀት አትወድም ተብሎ ነው የተነገረን፣ እሷም አስተባብላ አታውቅም።

“ለምን ገባህ ታዲያ?” አለው ወንድሜ።

“አርጅቻለሁ፤ ፍርሃቱ የተወኝ መስሎኝ ነበር” አለ።

ጉልበቱ አብጦ ስለነበር ቀሪውን ሳናይ በማግስቱ ተመለስን። ቤተ ጊዮርጊስን፣ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚሄደውን፣ አላየንም። አሰላ ስንደርስ አባቴን መስጊድ በር ላይ የሚያገኘው ሁሉ “እንዴት ነበር?” ይለዋል። “ውሃ አጠጡኝ፣ መስገጃ ሰጡኝ” ብሎ ያልፋል። ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ ድንጋዩ የምታወራው እናቴ ናት። ባለፈው ሳምንት ወንድሜን፣ ያ ሳናየው የቀረው፣ በመስቀል ቅርጽ የተቆረጠው ቤት የሚደረስበት ዋሻ አለው ወይ ብላ ጠየቀችው። ወንድሜ እንደማያውቅ ነገራት። “ጠይቅልኝ” አለችው፤ “ከሌለው አባትህን ይዘን እንሄዳለን።”