ርቦት የመጣ ፌንጣ

አያቴን፣ አባባን፣ የማስታውሳቸው ከፌንጣ ጋር ሲነጋገሩ ነው። በረሃቡ ዘመን ከጎንደር ስንሰደድ፣ ሚስታቸው እማማ በጓሮዋ ያሳደገቻቸውን የአበባ ስሮች በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። እማማን መንገድ ላይ ቀብረናት ነበር። ስሮቹ ልክ ሽንኩርት ይመስላሉ።

ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው የስደተኞች መጠለያ ሰው ሁሉ ባሚያ ሲተክል እሳቸው አበባ ተከሉ። ተባይ እንዳይበላባቸው የኒም ቅጠል ወቅጠው፣ በውሃ ዘፍዝፈው ጠዋት ጠዋት ይረጩታል። ኒሙ ያላባረረውን ፌንጣ ግን አይገድሉም። በጣታቸው አንስተው፣ "አንተም እንደኛ ርቦህ ነው የመጣኸው፤ ይቺ ግን የእሷ ናት" ብለው ከአጥሩ ውጭ ይለቁታል።

በበጋ ስሮቹን ነቅለው ከአልጋቸው ስር ያኖሯቸዋል። ዘንድሮ መልሰው ሳይተክሏቸው አረፉ። ለሰልስቱ ወጥ ሊሠሩ የመጡ ጎረቤት ስሮቹን ከአልጋው ስር አግኝተው፣ ሽንኩርት መስለዋቸው ከተፏቸው። "ምን ዓይነት ሽንኩርት ነው፣ አያስለቅስም እኮ!" ሲሉ ሰምቼ ሮጥኩ። ቢላዋ ያልነካት አንዲት ብቻ ተርፋ ነበር።

እሷን ተከልኳት። ዝናቡ ሲጥል ቅጠል አወጣች፤ ዛሬ ጠዋት ፌንጣ አረፈባት። ልጨፈልቀው አነሳሁት፣ እጄ እምቢ አለኝ።

"ርቦህ ነው" አልኩት። "ይቺ ግን የእሳቸው ናት።"