አክስቴ ጭላሎን ልታይ የወጣችበት ቀን

አክስቴ ከምንጩ በላይ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆማ ነበር። እኔ በግራዋ ነኝ፤ እንዳያዳልጣት ፈርቼ የልብሷን ጫፍ ይዤአለሁ። መምህራችን ልጓሙን ጨብጠው ከፈረሱ አጠገብ ቆመዋል። የክፍል ጓደኞቼ ከጀርባችን፣ አስታው ዛፍ ሥር ተጠጋግተዋል። ከምንጩ ማዶ የደጋዋ ባልቴት አለች፤ ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶቿ። ሁለቱ አሮጊቶች በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ይተያያሉ። ጉሙ ከዚህ ሌላ ምንም አያሳይም ነበር።

ይህን ትዝታ ያመጣብኝ አንድ ሽታ ነው። የልጅ ልጄ አገር ጎብኚዎችን እየመራች ጭላሎ ተራራ ትወጣለች። ትናንት ስትመለስ ጃኬቷን ወንበሬ ላይ ጣለችው። ጃኬቱ አስታ አስታ ይሸታል፤ እርጥብ ቅጠል፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ማር የመሰለ ነገር።

«ዛሬ ደግሞ ከየት የመጡ ናቸው?» አልኳት።

«ተራራ ከሌለበት አገር» አለችና ልትታጠብ ገባች።

ጃኬቱን አንሥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ።

አክስቴ ተራራውን የወጣች ጊዜ አሰላ ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የጂኦግራፊ መምህራችን የሰሜን ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የዓለምን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሰቀሉና በማስመሪያ እየነኩ ሰው ለምን ከአገር አገር እንደሚዞር ነገሩን። በረዶ የማይለቀው አገር ሰው ፀሐይ ፍለጋ ወደ ሞቃት ባሕር ይወርዳል አሉ። አገሩ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ የሆነበት፣ ተራራ ሊያይ ይሄዳል። ዝናብ የሰለቸው ደግሞ በረሃ ገብቶ አሸዋ ላይ ይተኛል። ሰውን ከቤቱ የሚያስነሳው የምድሩ አቀማመጥ ነው፤ አገሩ የነፈገውን ሊያይ ይሄዳል።

ከሁሩታ የመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እዚያ ዘመድ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ለቅሶ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሊነግዱ ነዋ!»

«ሊያዩ ነው የሚሄዱት። ለማየት ብቻ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄአለሁ። በእኛ አገር ሰው መንገድ የሚወጣው ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና ወይም ወደ ቅዱስ ስፍራ ለዚያራ ነው። ያለ ምክንያት የሄደን ሰው ቤተሰቡ ሮጦ ይመልሰዋል።

በዚያ ሳምንት አክስቴ እኛ ቤት ነበረች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው ታች ቆላው ውስጥ፣ ዴራ አጠገብ ነው። ማታ ትምህርቱን ለሳቅ ብዬ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ሰዎቹ ምን ይባላሉ አልሽኝ?»

«ቱሪስት።»

«ሴቶቹም ይሄዳሉ? ባል አይቆጣም?»

«አብሯቸው ይሄዳል።»

ከዚያ ጭላሎን ከቅርብ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። በደጇ የሚያልፈው ወንዝ የሚወርደው ከዚያ ተራራ ነው። ልጅ ሆና ውሃ ቀድታበታለች፣ ልጆቿን አጥባበታለች፤ ባሏም ሲሞት የታጠበው በዚያው ውሃ ነው። በበጋ ሲጎድል ቀና ብላ ተራራውን ታያለች። ሰማያዊ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ጫፉ ላይ ደመና ተቀምጧል። ለልጆቿ «ወንድሜ ናፈቀኝ» ብላ የመጣችው ለዚሁ ነበር።

አባቴ ግን አልሰማም አለ። ሱቅ ነበረው፤ ቅቤና ገብስ የሚያመጡለትም የተራራው ሴቶች ነበሩ።

«ልትጠይቂኝ መጣሽ፣ ጠየቅሽኝ» አላት። «ተራራው ምን ሊያደርግልሽ ነው? እህቱ አብዳ ጋራ ለጋራ ትዞራለች ብለው ገበያ ውስጥ ቢያወሩ ምን እመልሳለሁ? እሑድ መኪና ላይ አሳፍርሻለሁ።»

መምህራችን ሱቁ የመጡት በማግስቱ ነው። ቅዳሜ ክፍላችንን ጭላሎ ሊያወጡ አስበው የሴት ተማሪዎችን አባቶች እየዞሩ ያስፈቅዱ ነበር። አባቴ ጢሙን እያሻሸ አዳመጣቸው።

«ልጄ ከወንዶች ጋር ብቻዋን ጫካ አትገባም፤ ትልቅ ሴት አብራት ብትኖር እንኳ አንድ ነገር ነው» አለና፣ ነገሩን የዘጋ መስሎት ሚዛኑን መወልወል ጀመረ።

ከጓዳው መጋረጃ ኋላ የአክስቴ ድምፅ መጣ። «እኔ አለሁ።»

አባቴ መጋረጃውን አየ፣ መምህሩን አየ። ቃሉ ከአፉ ወጥቷል። እንዲህ ሆኖ ምክንያት ተገኘላት።

ቅዳሜ ማለዳ ልንወጣ ስንል ሲንቄዋን ከበሩ ጥግ አነሳች። ሲንቄ በአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። በደል ሲደርስ ወይም ዝናብ ሲጠፋ ሴቶች እሱን ይዘው ይወጣሉ፤ ያየች ሴትም ሥራዋን ጥላ ትከተላለች። ወንድ መንገድ ይለቃል።

«እሱን እዚህ ተዪው» አላት አባቴ። «የደጋ ሴቶች ያዩታል። ያለ ምክንያት መያዝሽን ካወቁ ንቀት ነው የሚሉት። እኔም ሱቄን መዝጋቴ ነው።»

«ያለ እሱ መንገድ ወጥቼ አላውቅም» አለችው፤ ሄድን።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ለእሷ ፈረስ ተከራይተንላት እኛ በእግራችን ወጣን። ከገብሱ ማሳ በላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ጠበቀን፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። አክስቴ ፈረሱን አስቆመችና ወረደች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካች።

«ጨው ነው?»

«ውርጭ ነው፣ አክስቴ።»

ጣቷን ምላሷ ላይ አደረገች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። «ጠፋብኝ!» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር በትልቅ ሰው ፊት ላይ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። እንደገና አፈሰች፤ እንደገና ጠፋባት።

ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ስንደርስ ሁለት ሴቶች ደጅ ተቀምጠው ወተት ይንጣሉ። አንዲት ባልቴት ፀጉሩ ያልተገፈፈ የበግ ቆዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አጠገባቸው ቆማለች። ሰላምታችንን መለሱ። ከዚያ ዓይናቸው በትሩ ላይ አረፈ። መናጡ ቆመ። ባልቴቷ ምንም ሳትናገር ቤት ገባችና የራሷን ሲንቄ ይዛ ወጣች። ሁለቱም ቅሉን አስቀምጠው ተነሡ።

«ምን ሆኑ?» አሉኝ መምህሩ። ኦሮምኛም የሲንቄን ወግም አያውቁም ነበር።

«የሆነ በደል የደረሰ መስሏቸው እየተከተሉን ነው።»

«ንገሪያቸዋ!»

መንገር የእኔ አልነበረም። አክስቴን አየኋት፤ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ በፈረሱ ላይ ቀጥ ብላለች። ሰምታለች፣ ገብቷታልም። የአባቴ ቃል በጆሮዬ ይመላለስ ነበር። ጉሙ እየወረደ የፈረሱን ጆሮ እንኳ ሸፈነው። ከኋላችን የሴቶቹ እግር ብቻ ይሰማል።

ጫፉ ድረስ አልወጣንም። ጉሙ መንገዱን ሲያጠፋብን አስታው ውስጥ፣ ምንጩ ዘንድ ቆምን። መጀመሪያ የተናገርኩት ቦታ ይህ ነው።

«በዪ እንግዲህ፣ እህቴ» አለች ባልቴቷ። «ማን በደለሽ?»

«ማንም።»

«ዝናብ ነው?»

«ዘንድሮ ዘንቦልናል።»

«ታዲያ ሲንቄ ይዘሽ ከቆላ እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ?»

«ለማየት ነው የመጣሁት» አለች አክስቴ።

አንዷ ጎረቤት አፏን በእጇ ሸፈነች። ሌላዋ «ወተታችንን ትተን!» አለች። ባልቴቷ በትሯን ከተከለችበት ነቀለች፤ ልትመለስ ነው ብዬ የአክስቴን ልብስ አጥብቄ ያዝኩ።

«በደጄ ወንዝ አለ» አለች አክስቴ፣ ሳትቸኩል። «እድሜዬን ሙሉ ጠጣሁት። ከየት እንደሚመጣ ሳላይ ልሞት ነው። በትሩን የያዝኩት መንገድ ላይ ወዴት ነሽ፣ ለምን ነሽ እንዳይሉኝ ነው። አጥፍቼ ከሆነ እዚሁ ንገሪኝ።»

ባልቴቷ አተኩራ አየቻት። ከዚያ በትሯን ዝቅ አድርጋ ከእግራችን ሥር ያለውን ሣር ገለጥ አደረገች። ከድንጋዩ ሥር፣ ከጣት የማይወፍር ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል።

«ይኸውልሽ። እንዲህ ያለው ብዙው ተሰብስቦ ነው ወንዝሽ የሚሆነው።»

አክስቴ ተንበረከከች። «ይቺ? ያንን ሁሉ ድንጋይ የምታንከባልለው ይቺ ናት?» በመዳፏ አንድ ጊዜ ጠጣች፤ ብርዱ ጥርሷን አመማትና ጉንጯን ያዘች።

«ይህን ለማየት መጣች!» አለች ባልቴቷ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ። «እኛኮ በጎቹን ነው የምናጠጣበት።» በዚህ ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ አክስቴም ሳቀች። እኔ የልብሷን ጫፍ ለቀቅኩ።

ጉሙ የተገለጠው ያኔ ነው። ከላይ አልነበረም የተገለጠው፤ ከታች ነው። መጀመሪያ የገብሱ ማሳ መጣ፣ ከዚያ የአሰላ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ምድሩ እየወረደ፣ ቢጫ እየሆነ፣ እየሰፋ ሄዶ ማለቂያ አጣ። በሩቅ ጥግ እንደ መስታወት የሚያበራ ነገር አለ። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ከአስታው ሥር ወጣ። መምህሩም ካርታቸውን ከኮሮጆው አላወጡም።

አክስቴ ጀርባዋን ለተራራው ሰጥታ ቆመች። «ያ የማን አገር ነው?» አለችኝ በዝግታ።

«ዴራ በዚያ በኩል ናት፣ አክስቴ። ያንቺ ነው።»

«የእኛ?» አለች። «እንዲህ ነው?»

ባልቴቷ ከጎኗ መጥታ ነበር። «በየቀኑ አየዋለሁ፤ ያ የሚያበራው ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።»

«ሐይቅ ነው። ውሃ።»

«ያ ሁሉ? ምድሩስ፣ ሞቃት ነው ይላሉ።»

«ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። ሌሊት ደጅ ነው የምንተኛው።»

«ደጅ!» ባልቴቷ የተሰነጣጠቀ እግሯን አየች። «ይህን እግር አንድ ቀን እዚያ ባሞቅኩት።»

«ነዪያ።»

«ምን ብዬ?»

«ልጠይቃት ነው በያቸው። ወንድሜ አሰላ ሱቅ አለው፤ እሱ ያሳፍርሻል።»

ሌላ ብዙ አልተነጋገሩም። ጉሙ እስኪመለስ ጎን ለጎን ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ነበር።

እሑድ አክስቴ ወደ አገሯ ተሳፈረች። በገበያው ቀን ሴቶቹ ቅቤ ይዘው ሲመጡ አባቴ ከሚዛኑ ኋላ ሆኖ ስድብ ይጠብቅ ነበር። «እህትህ አገሯን አሳየችን» አሉት፤ ቅቤያቸውን አስመዘኑና ሄዱ። በዚያ ሰሞን አባቴን አመሻሽ ላይ ከሱቁ ደጅ ቆሞ ወደ ጭላሎ ሲያይ ሁለት ሦስት ጊዜ አግኝቼዋለሁ።

አክስቴ በዚያው በጋ አረፈች። ወንዙ ጎድሎ ነበር አሉ።

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ውርጭ መያዝ ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ ባልቴቷ ሱቃችን ደጅ መጣች። ንጹሕ ልብስ ለብሳለች፤ በአንድ እጇ በትሯን፣ በሌላው ትንሽ የቅቤ ቅል ይዛለች።

«የዴራ መኪና የቱ ነው? እህትህን ልጠይቅ ነው» አለችው አባቴን።

አባቴ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣ። መርዶውን ቆሞ ነገራት። እሷም ቆማ ሰማች። ቅሉን መሬት አስቀመጠችና ወደ መጣችበት ተራራ ዞረች። የምትመለስ መሰለኝ።

«አገሩ ግን አለ አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«አለ፣ አዮ» አላት አባቴ። እናቶችን የምንጠራው እንዲህ ነው። ቅሉን አንሥቶ ያዘላትና አብረን ወደ መናኸሪያው ሄድን። ከአውቶቡሱ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። «ለምን እንደሚሄዱ ቢጠይቁዎት ለቅሶ ልደርስ ነው ይበሉ። ማንም ምንም አይልዎትም።»

«ለቅሶውንማ እደርሳለሁ» አለች። «ከጠየቁኝ ግን፣ ለማየት ነው እላቸዋለሁ።»

ቅሉን ተቀብላው አውቶቡሱ ላይ ወጣች። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ በትሯን በጉልበቶቿ መሃል አቆመች። አውቶቡሱ ተነሣና ቁልቁለቱን ይዞ ሄደ።